የሚጠብቅ አለ ወይ?

መጠበቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥራን ሁሉ አቁሞ፣ እጅን አጣጥፎ፣ የሚመጣው እስኪመጣ ድረስ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ሥራን ሳያቋርጡ በየመካከሉ ቀና እያሉ ወደ ደጅ መመልከት ነው። እንግዳ የምትጠብቅ ሴት ቡናዋን እየቆላች ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል ታደርጋለች፤ ቡናው አያርርባትም፣ እንግዳውም ደጅ ቆሞ አይቀርም። ይህ ነገር ለሰው ልጅ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ችሎታ መሆኑን እንኳ ልብ አንለውም።

ለኮምፒውተር ግን ሁለቱ መጠበቆች ለየቅል ናቸው። ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር የሚቀናው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን ማስተማር ያስፈልጋል። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ትምህርት ናት። ርእሰ ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ መስሎ ቢታይም አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ የአንድ ሰው አንደበት ያለበት ጉዳይ ነውና።

*

በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን በመስኮት በኩል ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ግን ለሙያዬም ለግጥሜም ብዬ አይደለም። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንዲት የገጠር ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። ሕመሙ ቀኝ እጃቸውን ወሰደው፤ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻቸውም አልታዘዝ አላቸው። አእምሯቸው ግን አልተነካም። የተነገራቸውን ሁሉ ይረዳሉ፣ ያነባሉ፣ ቀልድ ሲሰሙ ዓይናቸው ይስቃል። የግራ እጃቸው አመልካች ጣት ትንቀሳቀሳለች፤ ነገር ግን ትንቀጠቀጣለች።

እናቴ የሚፈልጉትን ለማወቅ የነበራት ዘዴ ጥያቄ ነበር። «ውኃ ነው? ትራሱ ነው? መስኮቱ ይዘጋ?» እያለች ትዘረዝራለች፤ እርሳቸው ትክክለኛው ሲደርስ ዓይናቸውን ይከድናሉ። ብዙ ጊዜ ይሳካላት ነበር። ይሁን እንጂ እናቴ ልትጠይቅ የምትችለው እርሷ ያሰበችውን ብቻ ነው። በእርሷ ዝርዝር ውስጥ የሌለውን፣ እርሳቸው ብቻ በልባቸው የያዙትን ነገር የሚናገሩበት መንገድ አልነበረም። ሰው ደግሞ ከውኃና ከትራስ ያለፈ ብዙ ነገር አለው።

ያን ጊዜ የፊደል ገበታ ትዝ አለኝ። አባቴ ስንቱን ልጅ ፊደል ያስቆጠሩት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ገበታ ነው። ዘንጋቸውን «ሀ» ላይ ያሳርፋሉ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ዘንጉ ወደ «ሁ» ይሄዳል፤ ክፍሉ ይከተላል። ገበታው 33 ረድፍና 7 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ ሲባዛ 231 ፊደል ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ለመምረጥ ሁለት ነገር ብቻ መናገር ይበቃል፤ የትኛው ረድፍ፣ የትኛው ዓምድ። ታዲያ ዘንጉን ኮምፒውተሩ ይዞላቸው፣ እርሳቸው በአንድ ጣት «እዚህ ላይ» ቢሉትስ? በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ የመጻፊያ ዘዴዎች በሌላው ዓለም ለአካል ጉዳተኞች ሲያገለግሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሐሳቡ የእኔ ግኝት አይደለም። የእኛ ገበታ ግን ለዚህ ሥራ ቀድሞ የተሰናዳ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት ረድፎች በየተራ ይደምቃሉ። አባቴ የፈለጉት ረድፍ ሲደምቅ ስፔስ የሚባለውን ረጅሙን ቁልፍ ይጫናሉ። ከዚያ በኋላ በረድፉ ውስጥ ግዕዙ፣ ካዕቡ፣ ሣልሱ እያለ እስከ ሳብዑ ይደምቃል፤ እንደገና ሲጫኑ ፊደሉ ይጻፋል። ከሳብዕ ቀጥሎ «ተመለስ» የሚል ስምንተኛ ቤት አለ፤ ያልፈለጉት ረድፍ ቢገጥማቸው መውጫ ይሆናቸዋል።

*

መሣሪያዬ ፓይተን የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ ነበር። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ይህ ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከዘንዶው ሳይሆን «ሞንቲ ፓይተን» ከተባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ከሚተዋወቃቸው ትእዛዞቹ አንዱ «ኢንፑት» ይባላል። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ተጠቃሚው ጽፎ ኢንተር የተባለውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስተኛዋል። ስምና ዕድሜ ለሚጠይቅ ፕሮግራም ይህ መልካም ጠባይ ነው። ለእኛ ሥራ ግን አይሆንም፤ ዘንጉ «ሀ» ላይ ተገትሮ ይቀራልና። ዘንጉ አባቴ እስኪጫኑ ይጠብቃል፣ አባቴ ዘንጉ እስኪንቀሳቀስ ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ እንደተፋጠጡ ይመሻል።

የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። «ቁልፍ ስጠኝ» ከማለት ይልቅ «የሚጠብቅ ቁልፍ አለ ወይ?» ማለት። ይህ ልዩነት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሁለቱን አገልግሎቶች ለየብቻ ይዞ ነበር፤ አንዱ ቁልፍ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ሌላው መኖር አለመኖሩን አይቶ ወዲያው ይመለሳል። የተጫኑ ቁልፎች ተራቸው እስኪደርስ የሚቆዩባት ጠባብ ማቆያም ነበረችው፤ የምትይዘው 15 ቁልፍ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ማሽኑ «ጢጥ» ብሎ መሙላቷን ያስታውቃል።

በዩኒክስ ቤተሰብ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው «ሰለክት» የተባለው ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በወጣው የዩኒክስ እትም ተዋወቀ፤ እኔ የምጠቀምበት ሊነክስም ይዞታል፣ ፓይተንም በዚያው ስም ያቀርበዋል። «ከቁልፍ ሰሌዳው በኩል የሚነበብ ነገር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ምን ያህል ሰከንድ እንዲጠብቅም ይነግሩታል። ዜሮ ቢሉት አይቶ ወዲያው ይመለሳል። አንድ ቢሉት እስከ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፤ በመካከሉ ቁልፍ ከመጣ ግን ሰከንዱ እስኪሞላ አይዘገይም። ሌሎቹም የስክሪፕት ቋንቋዎች የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ለምሳሌ «ባሽ» በተባለው ሼል ውስጥ «ሪድ» የሚለው ትእዛዝ የጊዜ ገደቡ ዜሮ ሲሆን አንዳች ሳያነብ የሚነበብ ነገር መኖር አለመኖሩን ብቻ ይናገራል።

ያቺ የሰከንድ ቁጥር ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ትልቅ ነው። ገደቡን ዜሮ አድርጎ «አለ? አለ? አለ?» እያሉ ያለ ፋታ መጠየቅ ይቻላል። ያኔ ፕሮግራሙ የማሽኑን ጉልበት በከንቱ ይጨርሳል፤ ላፕቶፑ ይግላል፣ መብራት በጠፋ ምሽት ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ገደቡ አንድ ሰከንድ ሲሆን ግን አንዲት መስመር ሁለቱንም ሥራ ትሠራለች፤ ዘንጉ በረድፉ ላይ የሚያርፍበት ጊዜና ጣቱ የሚደመጥበት ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ሲነካ ይነቃል፣ ካልተነካ ዘንጉን ያራምዳል። ግጥም የሚሞክር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ቀለም ብሎ ያርፋል፣ ሌላ ስድስት ብሎ ይደፋል፤ በመካከል ያለችው ዕረፍት የምቱ አካል ናት።

ሆኖም ጥያቄውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ተርሚናል የቆየ ልማድ አለውና። የሚጻፍለትን መስመር ኢንተር እስኪጫን ድረስ በራሱ ዘንድ ያቆየዋል፤ ጸሐፊው የሳተውን ፊደል አጥፍቶ እንዲያርም ዕድል ለመስጠት ነው። ልማዱ በወረቀት ላይ ያትሙ ከነበሩት የቴሌታይፕ መሣሪያዎች ዘመን የተወረሰ ነው። በዚህ ሁኔታ አባቴ ስፔሱን አሥር ጊዜ ቢጫኑት ሰለክት «የለም» ይላል። አልዋሸም፤ ቁልፉ ተጫነ እንጂ ገና አልተላለፈም። ስለዚህ ተርሚናሉን «ሲብሬክ» ወደሚባለው ሁኔታ መለወጥ ይገባል። ያኔ እያንዳንዱ ቁልፍ እንደተጫነ ይተላለፋል፤ የተጻፈው በስክሪን ላይ መልሶ መታየቱም ይቆማል። ከለውጡ በፊት የነበረውን ሁኔታ መዝግቦ መያዝ፣ ሲያበቁም መመለስ ግዴታ ነው፤ ፕሮግራሙ በመካከል ቢቋረጥ እንኳ። እንዲሁ የተተወ ተርሚናል የተባለውን ይሰማል፣ ይፈጽማልም፤ ሰው የሚጽፈውን ግን አያሳየውም።

በዊንዶውስ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ሰለክት የሚያገለግለው ለኔትወርክ ግንኙነቶች ብቻ ስለሆነ ቁልፍ ሰሌዳን አይጠይቁበትም። በምትኩ «ኬቢ-ሂት» የተባለ ጥሪ አለ። አዎ ወይም አይ ብሎ ወዲያው ይመለሳል እንጂ አይጠብቅም፤ በሁለት ጥያቄዎች መካከል ጥቂት ማሳረፍ የጸሐፊው ፈንታ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ፓይተን በተለመደው መንገድ ሲያነብ፣ የጠየቁት አንድ ፊደል ቢሆንም፣ ደጅ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ራሱ ማቆያ ሊያስገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰለክት ባዶውን ደጅ አይቶ «የለም» ይላል፤ እንግዳው ግን ቤት ገብቶ ተቀምጧል። መፍትሔው በፓይተን ማቆያ ሳያልፉ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በቀጥታ ማንበብ ነው።

*

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የአባቴ ጣት ነበር። አንድ ጊዜ ለመጫን ሲያስቡ በመንቀጥቀጡ ምክንያት ቁልፉ ሁለቴ ሦስቴ ይመታል። አንዳንዴም ጣታቸው ቁልፉ ላይ ያርፍና አይነሣም፤ ያን ጊዜ ሰሌዳው ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ ይልካል። የመጀመሪያው ምት ረድፉን ይመርጣል። የቀሩት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ ቀጥሎ «አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «አለን» ይላሉ፤ ዘንጉ ገና ግዕዙ ላይ እያለ ያልተፈለገው ፊደል ይጻፋል።

ለዚህም የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ፤ ማቆያው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይጥላል። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ማለት፣ የተጠራቀመውን መጥረግ፣ መቀጠል። ሦስት መስመር ነው። ስጽፋቸው ግን እጄ ከበደኝ። ለሁለት ወር አንድ ቃል ካልወጣው ሰው የመጣን ነገር ሳላነበው ልጥል ነው። ከእነዚህ ምቶች መንቀጥቀጡ የቱ ነው? ንግግሩስ የቱ ነው? ማሽኑ አያውቅም። ለእርሱ ሁሉም 32 ቁጥር ናቸው፤ የስፔስ መለያ ቁጥሩ ይህ ነውና። የሚለያቸው ጊዜ ብቻ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ያቺን ጣት ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩ፤ መንቀጥቀጡ ከተነሣበት እስኪበርድ በልቤ ቆጠርኩ። ግማሽ ሰከንድ ያህል ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ የገባው ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት እናቴ በትራስ ደገፍ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ገበታው በስክሪኑ ላይ ሲወጣ አባቴ ትኩር ብለው አዩት። ዘንጉ በየሰከንዱ አንድ ረድፍ ይወርዳል። እናቴ እንደ ተማሪ ድምፅዋን አውጥታ «ሀ… ለ… ሐ… መ…» እያለች ተከተለችው። ዘንጉ ሦስት ጊዜ ዞሮ አለፋቸው። በአራተኛው ዙር ዘጠነኛው ረድፍ፣ «ቀ» ላይ ሲደርስ ተጫኑ። ሳብዑ ላይ ደገሙ፤ ቆ። ከዚያ ሃያ ሦስተኛው ረድፍ፣ «የ»፤ ሳድሱ፤ ይ።

«ቆይ።»

እናቴ ደንግጣ «አመመህ?» አለቻቸው። አባቴ ዓይናቸውን ከገበታው አላነሡም። ትእዛዙ ለዘንጉ መሆኑ ገባኝ። ዘንግ ከተማሪው በላይ ሲፈጥን ምን እንደሚሆን ከአባቴ የበለጠ የሚያውቅ በቤታችን አልነበረም። ሁለት ወር ተዘግቶ የቆየው አንደበት ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው የመምህር ቃል ሆነ።

ሰከንዷን ሁለት አደረግኳት። «ቆይ» ዙር ሳያመልጥ ቢጻፍ 45 እርምጃ ይፈጃል፤ በየሁለት ሰከንዱ ሲሰላ አንድ ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። ለሁለት ፊደል ብዙ ነው የሚል ሰው ዝምታ እንዴት እንደሚረዝም ያላየ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ምሽት የፈጀ ነገር ጻፉ። በመጀመሪያው ምሽት «ዕዳ አለብኝ» አሉ። በማግስቱ መጠኑንና የባለገንዘቡን ስም ጨመሩ፤ ከመታመማቸው በፊት ከአንድ እህል ነጋዴ ጎረቤት የተበደሩት 600 ብር ነበር። ሰውየው ሁለት ጊዜ ሊጠይቃቸው መጥቶ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጧል፤ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እናቴ ጎረቤቱ በመጣ ቁጥር አባቴ ለምን እንደሚጨነቁ አልገባትም ነበር፤ «ውኃ ነው? ትራሱ ነው?» ስትል ኖራለች። ገንዘቡን በነጋታው ወስጄ ሰጠሁ። ያን ቀን አባቴ ምሳቸውን በልተው ረጅም እንቅልፍ ተኙ።

*

በሥራ ቦታዬም ይህንኑ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ስጠይቅ እውላለሁ። ተራ የሚጠራ መሣሪያ አለን። ቁልፉን ስጫን ቀጣዩን ባለ ቁጥር ይጠራል፤ ወረፋው ሲያልቅ ዜሮ ያሳያል። ዜሮ ሲያሳየኝ ቀና ብዬ አዳራሹን እመለከታለሁ። አንዳንድ ቀን ከምሰሶው አጠገብ፣ የቁጠባ ደብተራቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የቆሙ እናት አያለሁ። ቁጥር መውሰድ እንደሚያስፈልግ የነገራቸው የለም፤ ዓይኑን ጣል የሚያደርግባቸው ሰው እስኪያገኙ ይቆማሉ። መሣሪያውም አልዋሸም። ኢንተር እንዳልተጫነበት መስመር፣ እርሳቸው መጥተዋል እንጂ ገና አልተላለፉም። «እማማ፣ ወደዚህ ይምጡ» እላቸዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ቁም ነገር አንድ ነው። «የሚጠብቅ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው «የለም» በጣም ትንሽ መልስ ነው። በዚህ በር በኩል፣ እስከዚህች ቅጽበት፣ የደረሰ ነገር የለም ማለት ብቻ ነው። የሚናገር ሰው ስለ መኖር አለመኖሩ፣ ያ ሰው ስለሚናገረው ነገር፣ አንዳችም አልተባለም። ደካማ ፕሮግራም ያንን «የለም» እንደ መጨረሻ ቃል ወስዶ ይዘጋል። ደህናው ዘንጉን አንድ ረድፍ ያራምድና ደግሞ ይጠይቃል፤ «ፐ» ላይ ሲደርስ ወደ «ሀ» ይመለሳል። ትዕግሥት በፕሮግራም ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፤ ማብቂያ የሌለው ዙር፣ በውስጡም ልክ ያለው መጠበቅ።

ይህን የመሰለ ነገር ለቤተሰቡ ለመሥራት የሚያስብ አንባቢ ካለ አይፍራ፤ ጠቅላላው ከመቶ መስመር አይበልጥም። የተርሚናሉን ሁኔታ ይመዝግቡ፣ ይለውጡ፣ በመጨረሻ ይመልሱ። በሰለክት ይጠብቁ፣ በቀጥታ ያንብቡ፣ የተረፈውን ይጥረጉ። በፋይሉ ራስ ላይ ሁለት ቁጥሮች ለብቻቸው ይጻፉ፤ ዘንጉ የሚያርፍበት ጊዜና ከምርጫ በኋላ ዝም የሚባልበት ጊዜ። የእኔዎቹ 2 እና 0.5 ናቸው። እነርሱን ግን አይቅዱ። ከሚጽፍበት ሰው አጠገብ ይቀመጡ፣ ጣቱን ይመልከቱ፣ ቁጥሮቹን ከእርሱ ይቀበሉ። «ቆይ» ካለም ይቆዩ።